ልጆችን ቀለም ለማስለመድ የትኛው ጨዋታ ይሻላል?

የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ከታጠበ ልብስ ክምር መሃል ቀይ ካልሲውን መዝዞ ያወጣል። ጥንዱንም ፈልጎ ያገኝና ጎን ለጎን ያስቀምጣል። "ጎበዝ! ቀለሙ ምንድን ነው?" ስትሉት ዓይን ዓይናችሁን እያየ፣ በሙሉ ልቡ፣ "ሰማያዊ!" ይላችኋል።

ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ደንግጫለሁ። ዓይኑ ላይ ችግር ያለ መሰለኝና ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቀለም አለመለየት ሳነብ ያደርኩበት ቀን አለ። ኋላ መዋዕለ ሕፃናት ገብቼ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ማስተማር ስጀምር ነገሩ የእኔ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ቻርለስ ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ተናግሯል። የገዛ ልጆቹ የተለመዱ ዕቃዎችን ስም ሁሉ አውቀው፣ ደጋግሞ እያስተማራቸውም፣ የቀለማትን ስም በትክክል መጥራት አቃታቸው። ቀለም አይለዩም ብሎ እስከ መናገር ደርሶ ነበር። ፍርሃቱ ግን መሠረት አልነበረውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ቀለሙን ያየዋል። የሕፃን ዓይን 4 እና 5 ወር ሲሞላው ቀለማትን በደንብ መለየት ይችላል። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። "ኳስ" የሚለው ቃል የሚጨበጥ፣ የሚንከባለል አካል አለው። "ቀይ" ግን የለውም። ዛሬ ኳሱ ላይ ነው፣ ነገ ካልሲው ላይ፣ ከነገ ወዲያ መኪናው ላይ። በዚያ ላይ ድንበር የለውም፤ ቀይ የት ላይ አልቆ ብርቱካናማ የት እንደሚጀምር ማንም ጣቱን ቀስሮ ሊያሳየው አይችልም። ልጁ ይህን ሁሉ ከእኛ ንግግር እየለቀመ ነው የሚደርስበት።

ስለዚህ "የትኛው ጨዋታ ይሻላል?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልሼ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ የቱ ጋ ደርሷል?

መጀመሪያ ልጁ ያለበትን ደረጃ እዩ

ቀለም መማር ሦስት እርከን አለው። ማዛመድ ይቀድማል። ልጁ ስሙን ሳያውቅ ቀዩን ከቀዩ ያገናኛል። ቀጥሎ ስሙን ሰምቶ መለየት ይመጣል፤ "ቀዩን ስጠኝ" ስትሉት ቀዩን ያነሳል። መጨረሻ ላይ ራሱ ስሙን ይጠራል። ብዙ ልጆች 2 ዓመት አካባቢ ማዛመድ ይጀምራሉ፣ ከዚያ እስከ 3 ዓመት ድረስ ስም ሰምተው መለየቱን ይለማመዳሉ፣ ከ3 እስከ 4 ባለው ጊዜ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ቀለማት መጥራት ይጀምራሉ። ቀድሞ የሚሄድም ወደ ኋላ የሚቀርም ብዙ አለ። የጎረቤት ልጅ በ2 ዓመቱ አሥር ቀለም ጠራ ተብሎ የእናንተን ልጅ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ደረጃውን ለማወቅ 2 ደቂቃ ይበቃል። መጠናቸውም ቅርጻቸውም አንድ የሆኑ ብሎኮች ውሰዱ፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ቢጫ። ከየቀለሙ አንድ አንድ ፊቱ አስቀምጡና ቀሪዎቹን በተራ በተራ እየሰጣችሁ "ይሄ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?" በሉት። ይህን ከቻለ "ቢጫውን አሳየኝ" በሉ። እሱንም ከቻለ አንዱን አንስታችሁ "ይሄስ?" በሉ። የሚሰናከልበት ቦታ ላይ አቁሙ። ጨዋታችሁን መምረጥ ያለባችሁ ለዚያች ቦታ ነው።

ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ኤድዋርድ ሴጋን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የጀመረውና ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ በትምህርት ቤቶቿ ያስፋፋችው ባለ ሦስት ደረጃ ትምህርት የሚሄደው እንዲሁ ነው። "ይሄ ቀይ ነው" ይባላል፣ ከዚያ "ቀዩን አሳየኝ"፣ ከዚያ "ይሄ ምንድን ነው?"። የእኛ ስህተት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ዘለን ሦስተኛው ላይ መውጣታችን ነው። ልጁን ባየነው ቁጥር "ይሄ ምን ቀለም ነው? ያስ?" እያልን እንፈትነዋለን። ፈተና ደግሞ የማያውቁትን ነገር አያስተምርም።

መለየትና መደርደር

ገና ማዛመድ ላይ ላለ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። ወጪ የለውም፣ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይሠራል። ብሎክ፣ ካልሲ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ካላስተዋላችሁ ጨዋታው ሌላ ነገር ያስተምራል። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ቀይ መኪና፣ ቀይ ማንኪያ፣ ሰማያዊ መኪናና ሰማያዊ ማንኪያ አንድ ላይ ደባልቄ ለአንዲት የ3 ዓመት ልጅ ሰጠኋት። ሁለት ሳህን አስቀምጬ "ለያይልኝ" አልኳት። መኪናዎቹን ወደ አንዱ ሳህን፣ ማንኪያዎቹን ወደ ሌላው አደረገችና በኩራት ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልተሳሳተችም። መኪና ከመኪና ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ ጥያቄውን ሳላብራራ የሰጠኋት። በማግስቱ አራት ቀይና አራት ሰማያዊ ኩባያ ብቻ ይዤ መጣሁ። ቅርጹ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ የሚለያቸው ቀለሙ ብቻ። አንድም ቃል ሳልጨምር ለየቻቸው።

ስለዚህ አጀማመሩ ከቀለም በቀር በሁሉም ነገር አንድ በሆኑ ዕቃዎች ይሁን። ይህ ሲቀልለት ገልብጡት። ቀይ ካልሲ፣ ቀይ ኩባያ፣ ቀይ ብሎክ አንድ ሳህን ላይ፤ ቢጫ ቢጫው ሌላው ላይ። ያኔ ነው ልጁ "ለካ ቀይ ማለት ኩባያው አይደለም" የሚለው። ሁለቱ ዙሮች ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ሠርታችሁ አትተዉት።

የዚህ ጨዋታ ጉድለት ዝም ብሎ የሚሠራ መሆኑ ነው። ልጁ አንድም የቀለም ስም ሳይሰማ ግማሽ ሰዓት ሊደረድር ይችላል። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ "ይህቺ ኩባያ ቀይ ናት፣ ከቀዮቹ ጋር ገባች" እያላችሁ ካልሆነ በቀር ወደ ስም አያሸጋግርም።

አደራ ግን፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትናንሽ ነገር አትስጡ። የጠርሙስ ክዳን፣ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ብይ፣ ሁሉም ወደ አፍ ይሄዳል። የመጫወቻ ደህንነት መለኪያው ወደ 3.2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር በዚያ ዕድሜ ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚያብጡትን ባለ ቀለም ድቡልቡል ኳሶች ግን ለየትኛውም ትንሽ ልጅ አልመክርም። ያማሩ ናቸው፣ ለመደርደርም ይመቻሉ፤ ከተዋጡ ግን ሆድ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ።

ቤት ውስጥ ፍለጋ

"ሂድና ቢጫ ነገር አምጣልኝ!" ይህ ሁለተኛው እርከን ላይ ላሉት ነው፤ ስም ሰምቶ መለየት። ቁጭ ማለት ለማይሆንላቸው ልጆች ደግሞ መዳኛ ነው። ጠረጴዛ ላይ 3 ደቂቃ የማይቆይ ልጅ ቤቱን እየዞረ ሩብ ሰዓት ቀለም ሲፈልግ አይቻለሁ። ላቡ ጠብ እስኪል ይሮጣል፣ ይዞት የሚመጣው ነገር ደግሞ እናንተ ያላሰባችሁት ነው።

ከመደርደር ጋር ሳወዳድረው ፍለጋ የሚበልጠው የዕቃው ዓይነት ስለማያልቅ ነው። ቀይ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀይ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሸሚዝ ላይ ቀይ መስመር ሁሉ ይገባል። ልጁ ቀዩን ከዕቃው ነጥሎ እንዲያይ ይገደዳል።

የሚያንሰው ደግሞ ስሙን ላላወቀ ልጅ ግራ ማጋባቱ ነው። "ቢጫ" ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ እጁ ላይ የገባውን ይዞ ይመጣል። አይሆንም ስትሉት ተመልሶ ይሄዳል፣ ሌላ ያመጣል፣ ቀስ በቀስ ፊቱ ይለወጣል፣ ከዚያ ጨዋታው ያልቃል። ለዚህ ቀላል መላ አለ። ናሙና በእጁ አስይዙት። ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ ስጡትና "ይሄ ጨርቅ ቢጫ ነው፣ እንደሱ የሆነ ፈልግ" በሉት። ዕቃው ላይ አድርጎ ያስተያያል። ስሙም ጆሮው ውስጥ እየገባ ነው። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ጨርቁን አስቀሩትና በስሙ ብቻ ላኩት።

ልጆቹ ሁለት ሦስት ከሆኑ ታላቁ እየቀደመ ታናሹ እየተከተለ ነው የሚሆነው። ታናሹ ቀለም ሳይሆን ወንድሙን እየፈለገ ነው። ለየብቻ ቀለም ስጧቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ።

የቀለም ካርድ

ስለ ካርድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዚህ ውጪ ትምህርት ያለ አይመስለውም፣ ሌላው ስሙ ሲነሳ ይሰለቸዋል። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

ሞንቴሶሪ ክፍሎች ውስጥ የሚሠራባቸው የቀለም ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች በሦስት ሳጥን ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሳጥን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 6። ሁለተኛው 11 ጥንድ አለው። ሦስተኛው 9 ቀለም ሆኖ እያንዳንዱ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ 7 ደረጃ አለው፣ በድምሩ 63። እስቲ ቅደም ተከተሉን እዩት። ሦስት ቀለም ብቻ፣ ያውም በጣም የሚራራቁ፣ ያውም በማዛመድ ይጀመራል። ብዙዎቻችን ደግሞ 12 ቀለም ያለበት ካርድ ገዝተን በአንድ ቀን እንዘረጋለን። ለልጁ የዓይን አዋጅ ይሆንበታል።

ካርድ የሚጠቅመው ቦታ አለው። 4 ዓመት ላለፈው፣ ዋናዎቹን ቀለማት ለጨረሰ ልጅ፣ ደማቁንና ፈዛዛውን ለማነጻጸር ከእሱ የሚመች የለም። "ከሁሉም ጥቁር ሰማያዊ የሆነው የቱ ነው? ከሱ ትንሽ ፈካ ያለውስ?" እያላችሁ በተርታ ታስደረድሩታላችሁ። ልጆች ይህን ሲሠሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ሁለት ተቀራራቢ ካርዶችን ወደ መስኮት ወስደው ብርሃን ላይ ሲያስተያዩ ማየት በጣም ደስ ይላል።

ለ2 ዓመት ልጅ ግን ካርድ ደረቅ ነው። የሚያዝ ነገር የለውም፣ አይሮጥም፣ አይንከባለልም። ከተጠቀማችሁም 5 ደቂቃ አይለፍ፤ ልጁ ካርዱን ማኘክ ሲጀምር ትምህርቱ አልቋል።

ቀለም መቀባትና መቀላቀል

ሁሉም ወላጅ የሚያስበው ይህን ነው፣ ሁሉም ወላጅ የሚፈራውም ይህን ነው፤ ምንጣፉ፣ ግድግዳው፣ ልብሱ።

ፊት ለፊት ልናገር። የቀለም ስም ለማስለመድ ከሆነ ሥዕል መቀባት ደካማው መንገድ ነው። የልጁ ሐሳብ ያለው እጁ ላይ ነው፤ እርጥበቱ፣ ማጣበቁ፣ ብሩሹ ሲጎተት የሚተወው መስመር ነው የሚያስደንቀው። "ይሄ ቢጫ ነው" ብትሉት አይሰማችሁም። ደስታው ግን ደስታ ነውና አትከልክሉት፤ የቀለም ትምህርት ነው ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩት።

መቀላቀል ግን ሌላ ነው። ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውሰዱ። በአንዱ ጥግ አንድ ማንኪያ ቢጫ ቀለም፣ በሌላው ጥግ ግማሽ ማንኪያ ሰማያዊ ጨምሩ። አየሩን አስወጡና ዝጉት፣ አፉን በፕላስተር ደግማችሁ አሽጉት። ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ለልጁ ስጡት። በጣቱ ይገፋል። መጀመሪያ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ከዚያ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ትታያለች። ልጁ ጣቱን ያቆማል። ያያታል። እንደገና ይገፋል፣ ክሯ ትሰፋለች። አንድ ልጅ እዚህ ላይ "ማን አስገባው?" ብሎ ጠይቆኛል። አረንጓዴን ከዚያ ቀን በኋላ ረስቶ አያውቅም፤ ቀለሙ ታሪክ አገኘ፣ እሱ ራሱ የሠራው ሆነ። እጅም አልቆሸሸም፣ ምንጣፍም አልተነካም።

ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ ይወጣቸዋል፣ ይህም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቀይና ሰማያዊ ነው። ሐምራዊ ይወጣል ብላችሁ ቃል ከገባችሁ በኋላ የተቃጠለ ቡናማ ነገር ይመጣል። የእናንተ ጥፋት አይደለም። ደማቁ ቀይ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። በደማቁ ቀይ ፋንታ ወደ ሮዝ የሚያደላውን፣ ማተሚያ ቤቶች ማጄንታ የሚሉትን ዓይነት ተጠቀሙ፤ ያማረ ሐምራዊ ታገኛላችሁ። በአንድ ጊዜ ሁለት ቀለም ብቻ ይሁን። ሦስተኛው ሲገባ ሁሉም ወደ ጭቃ ይሄዳል።

ዕድሜውስ? ቢያንስ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን በስም ለለየ ልጅ ነው። ሁለቱን ሳያውቅ ሦስተኛውን ብታሳዩት ድንቅ ነገር አይቶ ይሄዳል እንጂ ምን ከምን እንደወጣ አይዝም።

ቪዲዮና አፕ

አጭር ልሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይላል። በዚያች ሰዓት ውስጥ የቀለም አፕ ቢገባ አልቃወምም። ጥሩ ጎኑ አለመሰልቸቱ ነው፤ አንዱን ስም ሃምሳ ጊዜ ይደግማል።

ችግሩ ልጁ መነካካቱን መማሩ ነው። ቢሳሳት ምንም ስለማይሆን የሚያበራው እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም ይነካል። እኔ የምሞክረው እንዲህ ነው። አፑ ላይ ቀዩን ሁልጊዜ የሚያገኝ ልጅ ስክሪኑን ሳስቀምጥ የራሱን ቀይ ጫማ ማሳየት ይችላል? ካልቻለ የተማረው ቀለም ሳይሆን አፑን ነው። አጠገቡ ተቀምጣችሁ "ይሄ ፊኛ ቀይ ነው፤ እዚህ ቤትስ ምን ቀይ አለ?" ካላችሁት ግን ነገሩ ይለወጣል።

መዝሙርም እንዲሁ ነው። የቀለማትን ስም በተርታ የሚዘምር ልጅ ቀለም አወቀ ማለት አይደለም፣ ዜማውን ያዘ ማለት ነው። በሚዘምርበት ጊዜ ዕቃውን የሚያነሳ ከሆነ ብቻ ይጠቅማል።

ከሁሉ የምመርጠው

የዕለት ወሬ። ልብስ ስታለብሱት፣ ስታጥቡት፣ ዕቃ ስትሰበስቡ የምታወሩት ወሬ። ጨዋታ ስላልሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከላይ ካልኳቸው ሁሉ አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ስም የሚለመደው በንግግር ነው፣ ንግግር ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ማይክል ራምስካርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2 ዓመት ገደማ ለሆናቸው ልጆች የቀለም ስም በሁለት ዓይነት አነጋገር አስተማሩ። አንደኛው "ቀይ ኳስ" እንደማለት ነው፣ ሁለተኛው "ኳሱ ቀይ ነው" እንደማለት። የተሻሻሉት ዕቃው ቀድሞ፣ ቀለሙ ተከትሎ የሰሙት ናቸው። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። "ኳሱ" ሲባል ልጁ ዓይኑን ኳሱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ "ቀይ" ሲመጣ ከኳሱ ምኑ ቀይ እንደሆነ ይፈልጋል። "ቀይ" ከቀደመ ግን ዓይኑ ገና የሚያርፍበት የለውም።

በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አባባል አፋችን ላይ አለ፣ የምንለዋውጠው ሳናስበው ነው። "ቀዩን ጫማ አምጣ" የምንለውን ያህል "ጫማው ቀይ ነው" አንልም። ስለዚህ ሆን ብላችሁ ጨምሩት። "ሸሚዝህ ሰማያዊ ነው። ሱሪህ ግን ጥቁር ነው። ካልሲህስ? ካልሲህ ነጭ ነው።" ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሳምንት ሞክሩት።

"ቀዩን ጫማ" የሚለውም ቦታ አለው፤ ማነጻጸሪያ ሲኖር። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት አለ። በጥናቱ አንዲት መምህርት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ሁለት ትሪ አሳየችና አንዱን በሚታወቀው የቀለም ስሙ ጠርታ "እሱን ሳይሆን ክሮሚየም የሆነውን አምጣልኝ" አለች። ክሮሚየም የሚለውን ልጆቹ ሰምተውት አያውቁም፤ ትሪው ጠቆር ያለ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። ትክክለኛውን አመጡ። ከቀናት በኋላም አንዳንዶቹ ያ እንግዳ ቃል የቀለም ስም እንደሆነ ትዝታው ነበራቸው። አንድ ልጅ የሚያውቀው ቀለም ካለ ሌላውን ከእሱ ጋር አቆራኝታችሁ ልታስገቡለት ትችላላችሁ ማለት ነው። "ቀዩን ሳይሆን ግራጫውን ስጠኝ።" ልጁ ቀዩን ስለሚያውቅ ግራጫውን ያለ ማንም ርዳታ ያገኘዋል።

ከየትኛው ቀለም ይጀመር?

የሚራራቁ ሁለት ቀለሞች ምረጡ። ቀይና ሰማያዊ፣ ወይም ቢጫና ጥቁር። ቀይና ብርቱካናማን፣ ወይም ሮዝና ሐምራዊን አንድ ላይ አታምጡ። ሁለቱ ሲጸኑ ሦስተኛውን ጨምሩ።

አማርኛ ደግሞ የሚረዳን ነገር አለው። ሰማያዊ ውስጥ ሰማይ አለ፣ ብርቱካናማ ውስጥ ብርቱካን፣ ቡናማ ውስጥ ቡና። ልጁ ዕቃውን የሚያውቅ ከሆነ ስሙ ራሱ ይመራዋል፤ "ሰማይ፣ ሰማያዊ" ብላችሁ ቀና አስደርጉት። ደመና ባለበት ቀን ግን አታድርጉት፣ ግራጫውን አይቶ ሰማያዊ ነው ይላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር እንዲህ የሚያስታውስ ዕቃ የላቸውም፣ እነሱን በድግግሞሽ ነው። ሐምራዊን አንዱ ሐምራዊ ሌላው ወይን ጠጅ ይለዋል። ቤት ውስጥ ተስማሙና ለመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ስም ጥሩት። ሰማያዊና ውሃ ሰማያዊንም ለመለየት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሁለቱም ሰማያዊ ይሁኑለት።

ታዲያ የእናንተ ልጅ?

ገና 2 ዓመቱ ከሆነ መደርደርና ወሬ ይበቃዋል፣ ሌላ ምንም አትግዙ። ስም ሲጠራ እየለየ ራሱ ግን የማይጠራ ከሆነ ፍለጋ ላይ በርቱ፤ መጥራቱ ይመጣል። ስሞቹን ይዞ አንዳንዶቹን የሚያምታታ ከሆነ የሚያምታታቸውን ሁለቱን ብቻ ወስዳችሁ ከላይ ባለው የማነጻጸሪያ አነጋገር ሥሩ። ሁሉንም ጨርሶ የሰለቸው ከሆነ የከረጢቱን መቀላቀልና የደማቅ ፈዛዛ ካርዶቹን አምጡለት። በሥራ ተወጥራችሁ ማታ ብቻ የምታገኙት ከሆነ ደግሞ ፒጃማ ስታለብሱት ያለችው 5 ደቂቃ ከሳምንቱ መጨረሻ ሙሉ ከሰዓት ትበልጣለች፤ በየቀኑ ስለምትመጣ።

ሲሳሳት "አይደለም!" ማለት አያስፈልግም። ቀዩን ይዞ "አረንጓዴ" ካለ "መኪናዋ ቀይ ናት፤ አረንጓዴ ደግሞ ያችውልህ፣ ቅጠሏ አረንጓዴ ናት" በሉና እለፉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሰማ።

ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ምልክት

ስም ማሳሳት ምልክት አይደለም። ምልክቱ ማዛመድ ላይ ነው። ልጁ 4 ዓመት ሆኖት፣ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ቀዩን ከአረንጓዴው ወይም ከቡናማው ጋር ደጋግሞ የሚያጣምር ከሆነ፣ ሣር ቡናማ አድርጎ የሚቀባ ከሆነ፣ ይታይለት። በዘር የሚመጣው ቀይና አረንጓዴ ያለመለየት በብዛት የሚታየው በወንዶች ነው። የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ከ12 ወንዶች 1 ያህሉ፣ ከ200 ሴቶች 1 ያህሏ አለባቸው፤ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ያንሳል። ለወንድ ልጅ የሚተላለፈው በእናት በኩል ስለሆነ የእናቱን አባት ወይም የእናቱን ወንድሞች መጠየቅ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ምርመራው አያምም። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ዓይነት ባለ ነጠብጣብ ሥዕል ነው የሚታየው። ቁጥር ለማያውቁ ልጆች ቅርጽ ያለባቸው ወይም በጣት መስመር የሚከተሉባቸው አሉ። ሐኪሙ "አለበት" ካላችሁ ለመምህሩ ወይም ለመምህሯ ቶሎ ንገሩ፤ ያለዚያ ልጁ "አረንጓዴውን ከለር አንሳ" በተባለ ቁጥር እንደ ሰነፍ ይታያል። ከለሮቹ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ስማቸውን ጻፉ፣ ፊደል ካልለየ ቅጠል፣ ፀሐይ፣ ሰማይ ሳሉበት፣ ሳጥኑ ውስጥም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቀመጡ። እኔ ክፍል የነበረ አንድ ልጅ ቅጠል የተሳለበትን ከለር አንስቶ ሣሩን ቀብቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ጓደኛው አዞረና "ሣሬ አረንጓዴ ነው" አለው።